ሶፋውስ ገባ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ዝም ብሎ መጓዝ የሚሆን ነገር አይደለም። ሞክሬዋለሁ። መስኮት ጥግ ይዤ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬያለሁ። የሐረጎን ዳገት ሳናጋምስ አንድ እጅ ጉልበቴን ነካ ያደርገኛል። «እህቴ፣ ተኛሽ እንዴ?» አልተኛሁም እላለሁ። «እንዲያ ከሆነማ ተጫወቺ እንጂ!»

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ሐረጎ አናት ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ እንወጣለንና። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ እመላለስበታለሁ። ሦስት ዓመት ውጭ ኖሬ ስመለስ ከሁሉ በላይ ናፍቆኝ የነበረው ይሄ ሚኒባስ መሆኑን ያወቅሁት መጀመሪያ የተሳፈርኩበት ቀን ነው። ስለዚያ ቀን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ስኮትላንዷ ከተማ ስለ ግላስጎ ላውራ። እስከዚያ ድረስ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲህ የሚጫወት ሕዝብ ወሎ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ስሄድ የሸኙኝ ሰዎች ሁሉ ያስፈራሩኝ በብርድ አይደለም፤ ለብርዱማ ደሴ አሠልጥናኛለች። ያስፈራሩኝ በዝምታ ነው። አክስቴ በሶና ቆሎዬን እየቋጠረች «እዚያ እኮ ጎረቤት ሞቶም አይሰማም አሉ» አለችኝ። ጀርመን የኖረ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ ፎቅ ላይ ከሚጋራው ሰው ጋር ለስድስት ዓመት አንገት ከመነቅነቅ በላይ እንዳልተነጋገረ ነገረኝ። ስለዚህ በመስከረም 2014 ለማስተርስ ትምህርት ስኮትላንድ ስሄድ ለዝምታ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ለመንገድ የሚሆን ወፍራም መጽሐፍም ይዣለሁ። ያን መጽሐፍ አውቶቡስ ላይ ከሦስት ገጽ በላይ በአንድ ጊዜ አንብቤው አላውቅም። አያስነብቡማ!

በገባሁ በሁለተኛው ቀን ፌርማታ ላይ ቆሜያለሁ። አውቶቡስ መጣ። «ወደ መሀል ከተማ ይሄዳል?» ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት። «አይ» አለኝ ፈገግ ብሎ። አመስግኜው ወረድኩ። ሌላ መጣ። ጠየቅሁ። «አይ፣ አይ» አለኝ ይሄኛው ደግሞ ደጋግሞ። ወረድኩ። ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ቆመው ያዩኛል። ሦስተኛው ሲመጣ ክንዴን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ የት ለመሄድ ነው? ሁለቱም እኮ መሀል ከተማ ይሄዱ ነበር» አሉኝ።

ለካ የስኮትላንድ ሰው «አዎ» ለማለት «አይ» ነው የሚለው።

እኛ ዘንድ «አይ» ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። አብረውኝ ተሳፈሩ። ለሾፌሩ ነገሩት። ኋላ ለተቀመጡት ሁለት ሴቶች ነገሯቸው። ማዳመጫ ያደረገ ወጣት ነበር፣ እሱንም ማዳመጫውን አስወልቀው «እሷ አገር አይ ማለት እምቢ ማለት ነው!» አሉት። «ታዲያ አዎ ለማለት ምን ትላላችሁ?» አለችኝ አንደኛዋ ሴት። «አዎ» አልኳት። «አዎ፣ አዎ» እያለ ግማሹ አውቶቡስ ተለማመደ። መሀል ከተማ ስንደርስ ሽማግሌው አብረውኝ ወረዱ፣ እጄን ጨብጠው ተሰናበቱኝ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻገሩና ወደመጣንበት የሚመለስ አውቶቡስ መጠበቅ ጀመሩ። የእሳቸው መንገድ ሌላ ኖሯል። ወሬው እንዳይቋረጥ ብለው ነው አብረውኝ የመጡት።

ይህን ሰው ደሴ ውስጥ አውቀዋለሁ። ልሸኝህ ብሎ ወጥቶ እያወራ ቤትህ በር ድረስ የሚመጣው፣ ከዚያ አንተ ደግሞ መልሰህ የምትሸኘው ሰው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። ሁሉም «ሄን» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ሾፌሩ፣ ዳቦ የምትሸጠዋ ሴት፣ ሐኪም ቤት ካርድ የምታወጣዋ። በተማርኩት እንግሊዝኛ ሄን ማለት ዶሮ ነው። እነሱ ግን አንዲትን ሴት በፍቅር ሲጠሯት ነው የሚሉት፤ እኛ «እታለም» እንደምንለው። ሌላው «ዊ» የምትባል ቃል ናት። ትንሽ ማለት ናት፣ የማትገባበት ቦታ ግን የለም። ዊ ሻይ፣ ዊ ወንበር፣ ዊ ጥያቄ። «ዊ ሻይ እንጠጣ» ብላ አንዲት አሮጊት ቤቷ ካስገባችኝ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደማልወጣ አወቅሁ፤ ወሎ ውስጥም «አንድ ስኒ ቡና ብቻ» ሲሉህ እስከ በረካ ድረስ እንደሆነው ማለት ነው።

አየሩን ደግሞ «ድሪኽ» ይሉታል። ደመናው ጣሪያ ላይ ተኝቶ፣ ዝናቡ እንደ ወንፊት እየነፋ፣ ቀኑ ሳይነጋ ሲመሽ ድሪኽ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኽ» ከጉሮሮ ነው የምትወጣው፣ ብዙ የውጭ ሰው ያቅተዋል። እኔን አላቃተኝም። የአባቴ አባት ሼህ ነበሩ፤ ሱብሂ ላይ ቁርኣን ሲቀሩ ከዚያ ጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ «ድሪኽ» ያልኩ ቀን ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በደስታ አጨበጨቡልኝ። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ በጉም ተውጦ ለቀናት ሲጠፋብን እኛ ቃል አልነበረንም። አሁን እኔ አለኝ፣ በቤታችን ሁሉም ይጠቀምበታል።

አሁን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሰው ሲያወራን «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል? እኛ አናስተውለውም። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ አንዲት ሴት ስለ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ታወራኛለች። ስም አልተለዋወጥንም፣ ጉልበቷን ግን ከየት እስከየት እንደተከፈተ አውቄዋለሁ። እኔ በጨዋነት ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ወሬዋን አቁማ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ቀጠለች። ደግሜ ሳብ አደረግሁ። ዞር ብላ ከኋላዋ ምን እንደመጣ አየች። በሦስተኛው ሁለቱንም እጆቼን ያዘችና «ሐኪም ልጥራልሽ?» አለችኝ። እየሰማሁሽ ነው ማለት እኮ ነው ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያቷ ከሰሜን ደሴቶች የመጡ ሴት ነበሩ፣ እሳቸውም «አይ» ሲሉ ልክ እንደዚህ ወደ ውስጥ እየሳቡ ነበር የሚሉት። ልጅ ሆና የሰማችው ድምፅ ነው። «እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። እሷም ሞከረች። ዝናቡ ላይ ቆመን፣ ሁለታችንም እየተነፈስን፣ አውቶቡሳችን አልፎን ሄደ።

ግን ልዩነት አለ። ይሄን ለማየት ወራት ፈጀብኝ።

የግላስጎ ሰው የሚያጫውትህ ራሱን አንጠፍጥፎ ነው። ጉልበቱን፣ ድመቱን፣ የጎረቤቱን ቆሻሻ መጣያ፣ የሞተች ሚስቱን ጭምር ይነግርሃል። ስለ አንተ ግን የሚጠይቅህ ጥቂት ነው። ስምህን ሳይጠይቅህ ተሰናብቶህ ይሄዳል። የወሎ ሰው ተቃራኒ ነው። ገና ከመቀመጡ «አገርሽ የት ነው? የማን ልጅ ነሽ? የእናትሽ አገርስ? እህሳ፣ አግብተሻል?» ይላል፣ ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም፤ አንተንና እሱን የሚያገናኝ አንድ ክር እስኪያገኝ። ክሩ አይጠፋም። ወይ ዘመድ፣ ወይ አበልጅ፣ ወይ የጋራ ለቅሶ ይገኛል። ጨዋታው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የግላስጎ ሰው ክር አያስፈልገውም። አጠገብህ መቆሙ ይበቃዋል።

የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንደ ቀኑ ነው እላችኋለሁ። ይሄን ሳልደብቅ የምለው የሁለቱም ባለዕዳ ስለሆንኩ ነው።

የምድር ባቡሩን ልንገራችሁ። የግላስጎ ምድር ባቡር ክብ ነው። 15 ጣቢያ አለው፣ መነሻና መድረሻ የለውም፣ ዙሪያውን በ24 ደቂቃ ገደማ ጨርሶ ይመለሳል። አንድ ማታ ቀለም የነካው የሥራ ልብስ የለበሰ ሰውዬ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ባቡሩ ታሪክ ያወራኝ ጀመር። በዓለም ላይ ከሱ የሚቀድሙት የለንደንና የቡዳፔስት ብቻ ናቸው አለኝ፣ የራሱ ንብረት ይመስል ደረቱን ነፍቶ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። «ይህን ዓመትማ አውቀዋለሁ» አልኩት። «እንዴት?» አለኝ። አድዋን ነገርኩት። የእኛው ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው እንደዘመቱ፣ በኋላ ንጉሥ እንደሆኑ፣ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ደሴ ውስጥ እንዳለ፣ ስሙም ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም የሚያስተናግድ ማለት እንደሆነ። ሰውዬው በጣም ነው የተገረመው። «ስንት ሰው ይይዛል? በሩ በየት በኩል ነው? ጣሪያው ከምንድን ነው?» ቀለም ቀቢ ነዋ፣ ግድግዳውን ሁሉ ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጣቢያዬ አልፏል። ብድግ ስል «ቁጭ በይ ሄን፣ ክብ እኮ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ሁለት ጊዜ ዞርን።

የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ ገና ከመግባቴ «አረንጓዴ ነሽ ሰማያዊ?» አለኝ። ነገሩ ኳስ ነው፣ ኳስ ብቻ ግን አይደለም። ሰማያዊው ሬንጀርስ እ.ኤ.አ. በ1872 የተመሠረተ የፕሮቴስታንቶቹ፣ አረንጓዴው ሴልቲክ እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተ የአየርላንድ ስደተኛ ካቶሊኮቹ ቡድን ነበር፤ ጠቡ እስከ ዛሬ ከሜዳ አልፎ ሰፈር ይገባል። ሹፌሩ ራሱ ከወዲያኛው ወገን አግብቶ አባቱ ሠርጉ ላይ እንዳልተገኘ ነገረኝ። ሰላሳ ዓመት አልፎታል፣ ድምፁ ግን ወርዶ ነበር ሲነግረኝ። እኔ ስለ ቤታችን ነገርኩት። የአባቴ አባት ሼህ፣ የእናቴ አባት ዲያቆን። በዓል ሲመጣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይሠራል፣ ቡናው ግን አንድ ጀበና ነው። «ማንም አይኮራረፍም?» አለኝ። ለድስት ክዳን መቀያየር ካልሆነ አይኮራረፍም አልኩት። ደርሰን ቆጣሪውን ካጠፋ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል አላወረደኝም። ሁለቱ ድስቶች እንዴት እንደማይቀያየሩ ዝርዝሩን ፈለገ። በአንደኛው ጆሮ ላይ ቀይ ክር እንደሚታሰር ስነግረው መሪው ላይ ተደግፎ «ቀይ ክር» እያለ ለራሱ ደገመው።

አንድ እሑድ ኤድንብራ ሄጄ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከአንድ አዛውንት ጋር የተጨዋወትነውም አይረሳኝም። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጠቆሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚያ ቤተ ክርስቲያን ካህን ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ታቦት አግኝተው፣ በዓመቱ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ነበር። እሳቸው መቅደላን መጽሐፍ ላይ ነው የሚያውቁት። እኔ የዚያው የወሎ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ቆባቸውን አወለቁ። ወሬ የሚወድ ሰው ነበሩ፣ ሰዓት ሙሉ ስለ ውሻቸው ሲያወሩኝ ቆይተዋል፤ ያን ጊዜ ግን ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም። በመጨረሻ ውሻው ጎተታቸውና ሄዱ።

አሁን ያቆየሁትን ልንገራችሁ። ግላስጎ ከገባሁ ሁለተኛ ወር ነበር፣ ጥቅምት 2014። በዓለም ዙሪያ ያሉ መሪዎች ስለ አየር ንብረት ለመነጋገር ግላስጎ ተሰብስበዋል፤ ጉባኤው የተከፈተው ጥቅምት 21 ነው። ከተማው በሰው፣ በፖሊስና በሰልፍ ተጥለቅልቋል። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስልክ ተቋረጠ። እናቴ እዚያ ነበረች። በቀን ሃያ ጊዜ እደውላለሁ። ሃያ ጊዜ ያችው የተቀዳች ድምፅ ትመልስልኛለች። ክፍል ውስጥ ሰዎች ደህና ነሽ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከጀመርኩ የት እንደማቆም አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት መንገዶች ተዘግተው አውቶቡሳችን ቆመ። አጠገቤ ሁለት ዘንቢል የያዘች፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች። ፊቴን አንዴ አየችው። ምን ሆንሽ አላለችኝም። «እኔ ስለ ሶፋዬ ልንገርሽ» አለችኝ።

ሶፋ ገዝታለች። ባለ ሦስት መቀመጫ፣ አረንጓዴ፣ ስትመኘው የኖረችው። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የድሮ የድንጋይ ደረጃ ያለው። ሁለት ልጆች ተሸክመው ሲያወጡት አንደኛውና ሁለተኛው ፎቅ መሀል ያለው መጠምዘዣ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ታችም አይመለስም። ልጆቹ መኪና ያቆምንበት ሰዓት አለቀ ብለው ሄዱ። ጎረቤቶች በላዩ እየተሻገሩ መውጣት ጀመሩ። ማታ ላይ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ እያለከለከ ሲወጣ ደከመውና ተቀመጠበት። «ይመቻል» አለ። በማግስቱ አንዷ መብራት አመጣች። ሌላዋ ሻይ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችዋና ይቺ ሴት ለአሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ናቸው፤ በልብስ ማስጫ ገመድ። ያቺ ሴት ጫጫታውን ሰምታ በሯን ከፈት አደረገች፣ አየች፣ ወጣች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምንም አላለችኝም» አለችኝ፣ «ብስኩቱን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።» ይህን ስትነግረኝ በጣቷ የመቀመጫውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። አሁን ድረስ ያቺ ጣት ትታየኛለች። ጥፍሯ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ግማሹ ተልጧል።

ሳቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። «ከዚያ በአራተኛው ቀን የእህቴ ልጅ መጋዝ ይዞ መጣና…» ብላ ስትጀምር አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ነበርና በመስኮት አየት አድርጋ «ውይ ደርሻለሁ! ቻው ሄን» አለች፤ ዘንቢሎቿን ሰብስባ ወረደች።

የአገሬ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» ይለኝ ነበር፣ ያን ቀን ያ ጥያቄ አውቶቡሱ መሀል ያፈርሰኝ ነበር። እሷ አልጠየቀችኝም። ሶፋዋን ሰጠችኝ። ለማን ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ሄደች፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸው ተነገረ። ከዚያም ቀናት አለፉ። በመጨረሻ እናቴ በሰው ስልክ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ያለችኝ ነገር «ብርዱ እንዴት ነው?» ነው። እናቴ ስለ ብርድ ጠይቃኝ አታውቅም። ስለ ሌላው ልታወራ እንዳልፈለገች ገባኝ። «ድሪኽ ነው» አልኳት። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። አስረዳኋት፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ሞከረችው፣ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራን። ሰው ስለ ዝናብ ለምን እንደሚያወራ ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቄ አላውቅም።

የተመለስኩት በጥቅምት 2017 ነው። በሳምንቱ ለሥራ ጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ ማታ ላይ ደሴ ለመውጣት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ አንገቷን ያወጣች ቀይ ዶሮ። ዶሮዋ አየችኝ። «ሄን» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ምንም። ጉሙ ዛሬ በርትቷል እማማ።»

«ጉሙን ተይው፣ ጉም የፈጣሪ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። የአባቴን አባት ጠየቁ። ሰፈር ጠየቁ፣ ሸዋ በር አልኩ። ሸዋ በር ከየት በኩል? ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የእናቴ እናት ዘንድ ደርሰዋል። አራተኛው ላይ ጭኔን መታ አደረጉኝ። «አንቺ! ለቅሶዋ ላይ ነበርኩ እኮ! ያ ሁሉ ንፍሮ ያለቀበት ለቅሶ!» ክሩ ተገኘ። ዶሮዋን ወደ ግራ ጉልበታቸው አዛወሩና በደንብ ዞሩልኝ። «በይ አሁን አጫውቺኝ። እዚያ አገር ምን አየሽ?»

ስለ ሶፋው ነገርኳቸው።

የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ «ይመቻል» ሲል ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችዋ በሯን ስትከፍት ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ተወ። ብስኩቱን ገፋ ስታደርገው እኒያ እናት «ውይ፣ አንጀቴን!» ብለው ዶሮዋን አቀፏት። ሾፌሩ የሙዚቃውን ድምፅ ቀነሰ።

«ከዚያሳ?» አለ ረዳቱ።

«ከዚያ የእህቷ ልጅ መጋዝ ይዞ መጣ።»

«እሺ?»

«ወረደች። ሠፈሯ ደርሶ ነበር።»

«እንዴ! ሶፋውስ ገባ?»

«አላውቅም።»

ሚኒባሱ ውስጥ የተነሣውን ጩኸት ብትሰሙት! «እንዴት አትጠይቂያትም?» አለኝ ከኋላ አንዱ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። ረዳቱ እግሮቹን ፈትተው መሞከር ነበረባቸው አለ። አናጢ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ «የለም፣ በጎኑ አቁመው ነው ማዞር የነበረባቸው» አለና በደብተር አሳየን፤ ደብተሩን በሁለት መቀመጫ መሀል አስገብቶ አዞረው፣ አለፈ። ሌላው ፒያሳ ላይ ቁም ሳጥን በገመድ በመስኮት እንዳወጡ፣ ሲያወጡም መስታወቱ እንዳልተነካ በዝርዝር አስረዳ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ደረጃው ስንት ሜትር ስፋት አለው?» አለኝ። ሐረጎን ማለፋችንን ማንም አላየ።

ከመጨረሻው ወንበር ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት ነበረች፣ እስከዚያ ድረስ ያልተናገረች። «ለምን ይገባል?» አለች። ሁሉም ዞረ። «አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈ ሰው ያስቀመጠ ሶፋ ለምን ይገባል? እዚያው ይቀመጥ እንጂ!»

ዝም ተባለ። አናጢው ደብተሩን ቀስ ብሎ ከመቀመጫዎቹ መሀል አወጣው።

ደሴ ስንገባ እኒያ እናት «ወራጅ!» አሉ። ዶሮዋን ይዘው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ ተመልሰው በክፍት በሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«እኔን መጋዙ ነው ያስፈራኝ» አሉኝ። «ወሬውን የሰማሽ ቀን ሰኞ ገበያ ብቅ በይ። እዚያ ነኝ።»